የወቅት ሠራተኛ ማደሪያ፦ ፈቃድና ቁጥጥር በአርሲ ደጋ

ከአሰላ በስተደቡብ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሳጉሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተዘረጋው አገር የስንዴና የገብስ አገር ነው። የእህል ሥራ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሰው አይጠይቅም፤ በአረምና በአጨዳ ጊዜ እጅ ያንሳል፣ በሌላው ወራት ይተርፋል። እጅ በሚያንስበት ጊዜ ከሌላ ቀዬ የሚመጣው ሰው ቀን ከሚውልበት ማሳ ሌላ ሌሊት የሚያድርበት ጣራ ያሻዋል። ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንግዲህ ያ ጣራ እንዲሠራ የሚፈቅደው ማን ነበር? ከተሠራስ በኋላ በሩን ከፍቶ የሚያየው ማን ነበር? የአገራችን ሕግ ታሪክ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሰጠው መልስ ሲመረመር፣ ማደሪያው በብዙ መሥሪያ ቤቶች መካከል የወደቀ ሆኖ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 የከተማ አስተዳደርን ሥርዓት አስያዘ። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 91 ደግሞ የንጽሕና ቁጥጥርን ሕጋዊ መሠረት ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ጉድጓዱን፣ ውሃውንና ቤቱን የሚመረምሩ የንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ጀመር። ሆኖም የማዘጋጃ ቤት ሥልጣን ከከተማው ክልል አያልፍም፤ የእርሻ ሠራተኛ ማደሪያ የሚቆመው ግን ከክልሉ ውጭ፣ በማሳው ዳር ነው።

በጊዜው የጭላሎ ገበሬ አብዛኛው ጢሰኛ እንደነበረ ይታወቃል። ጎጆው የቆመው በባለርስቱ መሬት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ሲቋቋም፣ የተሻለው ዘርና ማዳበሪያው ምርቱን ከፍ አደረገው። ምርቱ ከፍ በማለቱም መሬቱን ራሱ በትራክተርና በኮምባይነር ማረስና ማጨድ የሚሻ ባለርስት በዛ፤ ጢሰኛው ተፈናቀለ። መሬቱን የለቀቀ ሰው የቆመበትን ጎጆም አብሮ ለቀቀ። የትናንቱ ባለጎጆ ለቀን ሥራ የሚዞር፣ ማደሪያ የሚለምን ሰው ሆነ። ርዳታውን የሰጠችው ስዊድን ራሷ በባለርስት ሰፈር ረጃጅም ቤቶች የሚኖሩ፣ ደመወዛቸውም በአብዛኛው በእህልና በወተት የሚከፈል የእርሻ ሠራተኞች የነበሩባትን ሥርዓት ያስቀረችው እ.ኤ.አ. በ1945 ነበር።

ከአርሲ ደጋ ወረድ ብሎ በአዋሽ ሸለቆ የተከተሉት መንገድ ሌላ ነው። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 በተደረገ ስምምነት ወንጂ ላይ መሬት ተረክቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የስኳር ፋብሪካውን አስመረቀ። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ለሚመጣው ሠራተኛ ካምፕ የሠራው ኩባንያው ራሱ ነበር። ቤት መኖሩ ከዳስ ይሻላል፤ ነገር ግን ቤቱና እንጀራው በአንድ ገመድ ታሠሩ። ሥራውን ያጣ ሰው ቤቱንም ያጣል፤ ስለ ቤቱ የሚያማርርም ስለ ሥራው ይፈራል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው የሠራተኞች ቤት ምክረ ሐሳብ ቁጥር 115፣ የሥራው ቦታ ከከተማ የራቀ እንደ መሆኑ ያለ ልዩ ምክንያት ካልኖረ በቀር አሠሪው ራሱ ቤት ሰጪ ባይሆን ይሻላል ማለቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ታላቁ ለውጥ በ1967 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት ወር የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 መሬቱን የሕዝብ ሲያደርግ፣ እንደ በሽተኛና እንደ አቅመ ደካማ ላሉት ከተፈቀደው በስተቀር በቅጥር ሠራተኛ ማሳረስን ከለከለ። በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ፣ ግለሰብ ቤት በማከራየት ገቢ እንዳያገኝ አገደ። ሁለቱ አዋጆች በየፊናቸው ለጢሰኛውና ለተከራዩ ታላቅ እፎይታ ነበሩ። ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን ያልታሰበ ውጤት ይታይባቸዋል፤ ወቅታዊውን የእርሻ ሠራተኛ በስፋት መቅጠር የሚችለው መንግሥት ብቻ፣ ማደሪያ ማከራየት የሚችለውም መንግሥት ብቻ ሆነ። የሳጉሬ ባለቤት ትርፍ ክፍሉን ለአጫጅ ቢያከራይ ሕግ ይተላለፋል።

ትልልቆቹ የእርሻ ቦታዎች የመንግሥት እርሻ ሲሆኑ፣ ቤት ሠሪው፣ ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው አንድ አካል ሆነ። በኅዳር 1968 የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64 ሠራተኛውን ሊጠብቅ የታሰበ ቢሆንም፣ የአንዱን መሥሪያ ቤት ጉድለት የሌላው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ቢነቅፍ ቅጣቱም ጥገናውም የሚከፈለው ከዚያው ከመንግሥት ካዝና ነበር። ቁጥጥር ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ አንዱ ወገን ብቻ ባለበት ቦታ ሪፖርት እንጂ ቁጥጥር አይኖርም።

በየካቲት 1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ መርሕ ሲታወጅ የግል ቅጥር እንደገና ተፈቀደ። በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1156 የአሠሪና ሠራተኛን ግንኙነት በየተራ ደነገጉ። በአዋጅ ቁጥር 377 የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ያለማስጠንቀቂያ ወደ ሥራ ቦታ የመግባት ሥልጣን ነበረው፤ ጊዜው ግን በሥራ ሰዓት ተብሎ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. የ1947ቱ ዓለም አቀፍ የሥራ ቁጥጥር ስምምነት ቁጥር 81 በአንጻሩ ቀንም ሆነ ሌሊት በማንኛውም ሰዓት መግባትን ይፈቅዳል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ በሥራ ሰዓት ማደሪያው ባዶ ነው። ቀን የመጣ ተቆጣጣሪ የተጠረገ ወለልና የተጠቀለለ ምንጣፍ ያያል። በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚተኛ፣ መስኮቱ ከብርዱ የተነሣ በጨርቅ መደፈኑን፣ በመካከልም የከሰል ምድጃ መቀመጡን የሚያየው ሌሊት የገባ ብቻ ነው።

እነዚህ ሦስቱ የሞት ምክንያቶች መሆናቸው የታወቀ ነው። የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ይተፋል። ተስቦና በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ደግሞ በክረምት፣ በደጋ፣ ልብስ ማጠቢያ አጥተው ተጨናንቀው በሚያድሩ የቀን ሠራተኞች መካከል የሚነሡ ደዌዎች ናቸው። የቤቱ አሠራርም ድርሻ አለው። ባዶ ቆርቆሮ ቀን ግሎ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ላቡም በተኛው ሰው ላይ ይንጠባጠባል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ግን ቀን የተቀበለውን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል። ማደሪያው የሚሞቅ ቢሆን መስኮቱ ባልተደፈነ፣ ከሰሉም ባልገባ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከከተማ ክልል ውጭ ያሉትን የእርሻ ኢንዱስትሪ ሕንፃዎች ጭምር በፈቃድ ሥርዓት ውስጥ በማስገባቱ፣ ከ1945ቱ የማዘጋጃ ቤት ወሰን ትልቅ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። ነገር ግን ፈቃድ የሚጠየቀው በፕላን ላይ ለተሣለው ነው። መጋዘኑ ይሣላል፣ የማሽን ቤቱ ይሣላል፣ የሥራ አስኪያጁ ቤት ይሣላል፤ ለሁለት ወር የሚመጣው ሠራተኛ ማደሪያ ግን ወረቀቱ ላይ አይወጣም። ችግሩም የገጠር ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እስከ 60,000 ሠራተኛ እንዲይዝ ሲታቀድ፣ የማምረቻ አዳራሹ ከአልጋው ቀድሞ ተሠራ፤ ከገጠር የመጡት ወጣቶችም በከተማው ጠባብ ክፍሎች ተደራርበው መኖር ግድ ሆነባቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ፈቃድ ግድግዳውን ያያል፣ ቁጥጥር ሥራውን ያያል፤ የሚተኛውን ሰው የሚያይ ግን አልተመደበም። አዋጅ እስኪሻሻል ድረስ መሐንዲስ በእጁ ያለ ነገር አለ። የእርሻም ሆነ የግንባታ ፕሮጀክት ፕላን ሲቀርብለት፣ በሥራው ከፍተኛ ወቅት ስንት ሰው እንደሚያድርና የት እንደሚያድር ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ በፕላኑ ላይ እስካልተሣለ ድረስ ፕላኑ አላለቀም።