ከመከላከያ ውል እስከ ኤሌክትሪክ መስመር፦ የኢትዮጵያና የኬንያ ጉርብትና

ኬንያ በ1963 ማብቂያ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ በወጣችበት ሰሞን (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኢትዮጵያ ጋር የጋራ መከላከያ ውል፣ ማለትም አንደኛዋ ስትጠቃ ሌላይቱ እንድትደርስላት የሚያደርግ ስምምነት፣ ማሰሯ በምሥራቅ አፍሪካ የዲፕሎማሲ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ክስተት ነው። የውሉ መነሻ የጋራ ሥጋት ነበር። በ1960 ነፃ የወጣችው ሶማሊያ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ያኖረችው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሶማሊኛ ተናጋሪዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ግዛቶች የሚወክል ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል የኢትዮጵያ ኦጋዴንና የሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ምድር ይገኙባቸዋል።

ሆኖም ወዳጅነቱን ሥጋት ብቻ ወለደው ማለት የታሪኩን ግማሽ መተው ይሆናል። የኬንያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ለንደን በነበሩበት በ1935፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ ወረራውን በመቃወም ጽፈዋል፤ ለኢትዮጵያ በተቋቋመው የአፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበርም ውስጥ ተሳትፈዋል። ስለዚህ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ለውል ሲቀመጡ በመካከላቸው የቆየ መተማመን ነበረ።

የዚህ መተማመን ትልቁ ፍሬ በ1970 የተፈረመው የድንበር ውል ነው። ከ860 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ወሰን በ1907 በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገ ስምምነት የተነደፈ ቢሆንም፣ በምድር ላይ የተተከለበት ሥፍራ፣ በተለይም የገዳዱማ የውኃ ጉድጓዶች ጉዳይ፣ ለአሥርት ዓመታት ሲያወዛግብ ቆይቷል። ለቦረና ከብት አርቢ የውኃ ጉድጓድ ሕይወቱ በመሆኑ ክርክሩ ከካርታ መስመር ያለፈ ነበር፤ ሁለቱ መንግሥታት ይህን ያህል ስሱ ጉዳይ ጥይት ሳይተኩሱ መቋጨታቸው በአህጉሩ እጅግ ሊከበር የሚገባው ሥራ ነው።

የመከላከያ ውሉ ከንጉሠ ነገሥቱ ወደ ወታደራዊው ደርግ የተደረገውን የሥርዓት ለውጥም ተቋቁሟል። በ1977 እና በ1978 በተካሄደው የኦጋዴን ጦርነት ወቅት አዲስ አበባ የሶቪየት ኅብረት፣ ናይሮቢ ደግሞ የምዕራባውያን ወዳጅ ሆነው ሳለ፣ ኬንያ ከኢትዮጵያ ጎን ቆማለች፤ በ1978 መጀመሪያም ለሶማሊያ ጥይት የጫነ የግብፅ አውሮፕላን ናይሮቢ ላይ እንዲያርፍ አስገድዳለች። በ1979 ደርግና የፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ መንግሥት የወዳጅነትና የትብብር ውል ተፈራርመዋል።

የልማቱ ጉዳይ ግን እጅግ ዘግይቷል፤ የዘገየበትንም ዋጋ የከፈለው የድንበሩ ሕዝብ ነው። በ1960ዎቹ የ«ሽፍታ ጦርነት» የሚል ስም በተሰጠው ግጭት ሳቢያ ሰሜን ኬንያ ለረጅም ጊዜ በአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ስትተዳደር፣ ከኢሲዮሎ ወደ ድንበር ከተማዋ ሞያሌ የሚወስደው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት የለበሰው ከነፃነት በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በሞያሌ መንገደኛና ጭነት በአንድ ሥፍራ የሁለቱንም አገሮች ፍተሻ የሚጨርሱበት የጋራ የድንበር ኬላ የተመረቀውም በ2020 ነው።

በ2022 መገባደጃ ሥራ የጀመረው ከኢትዮጵያዋ ወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ የተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ ይችላል፤ ኢትዮጵያ ለኬንያ ኃይል በምትሸጥበት የ25 ዓመት ውል መሠረት ግን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የተመደበው 200 ሜጋ ዋት ነበር። በአንጻሩ የኦሞ ወንዝ ግድቦች አብዛኛውን ውኃውን ከዚያው ወንዝ በሚያገኘው የቱርካና ሐይቅ ላይ የሚያሳድሩት ጫና የገዳዱማ ጉድጓዶች ካገኙት ጋር የሚመጣጠን ትኩረት አላገኘም፤ ዩኔስኮ በ2018 የሐይቁን ብሔራዊ ፓርኮች በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገብቷቸዋል። ታላቁ መስመርም ቢሆን በቀጥተኛ ጅረት፣ ማለትም በሁለቱ ጫፎች ባሉ መለወጫ ጣቢያዎች ብቻ ወደ ተራው ኤሌክትሪክ በሚቀየር ኃይል፣ የሚሠራ በመሆኑ የሚያቋርጣቸው የድንበር መንደሮች ከእርሱ መብራት መቅዳት አይችሉም፤ የኬንያዋ ሞያሌ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከእርሱ በፊት በተዘረጋ ሌላ አነስተኛ መስመር ነው።