የአሞሌ መንገድና የአንገት ንቅሳት

ባሕር ዳር በነርስነት ስሠራ ሴቶች አንገታቸው ላይ ስላገኟት እብጠት የሚያማክሩኝ በሹክሹክታ ነበር። «አታመኝም እኮ» ይሉኛል፤ ይበልጥ የሚያስፈራቸውም አለማመሟ ነው። ነቀርሳ ትሆን እንዴ? ጣቴን ጉሮሯቸው ላይ አሳርፌ ምራቃቸውን ሲውጡ እብጠቷ አብራ ከፍ ዝቅ ካለች መጀመሪያ የምጠረጥረው እንቅርትን ነው።

አያቶቻችን በእንቅርት እንዲህ አይሸበሩም ነበር። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት የተተረተው እንቅርት ከየመንደሩ በማይጠፋበት አገር ነው። መድኃኒቷም ነቃሿ ነበረች። ዘጌ ተወልዳ ያደገችው አያቴ አንገቷ ዙሪያውን ተነቅሷል። ነቃሿ ከምጣድ ሥር ጥላሸት ጠርጋ፣ በቅጠል ጭማቂ ለውሳ፣ ቆዳዋን በመርፌ ጠቅ ጠቅ እያደረገች እንዳሰመረችላት ትነግረን ነበር። ቅርፊቱ እስኪረግፍ ድረስ አንገቷን ማዞር አትችልም ነበር። ንቅሳቱ ለሙሽራ ጌጥ ነበር፤ እንቅርትንም ያግዳል ተብሎ ይታመን ነበር። ጌጥነቱን አልክድም፣ ያምርባት ነበር። እንቅርቱ ግን መች ሰማው! እብጠቱ ሲያድግ መስመሮቹም አብረው ተለጠጡ፤ መሐል ጉሮሮዋ ላይ ሰፋ ሰፋ ብለው፣ ወደ ማጅራቷ ሲዞሩ እንደ ድሮው ተጠጋግተው ይታዩ ነበር።

ነገሩ ከጨው ጋር የተያያዘ ነው። ጉሮሮ ላይ ያለው እጢ ሥራውን የሚሠራው በአዮዲን ነው፤ ሲያጣ ያለችውን ለመቃረም ይተልቃል። የደጋውን አፈር አዮዲን ደግሞ የዘመናት ዝናብ አጥቦ ወስዶታል፤ በዚያ አፈር የበቀለ ጤፍም ዳጉሳም ከየት ያመጣዋል? ጣና አምባዛና ቀረሶ ቢኖረውም የጨዋማ ባሕር ዓሣን ያህል አዮዲን ከነሱ አይገኝም።

ጨውማ ነበረን፤ ያውም ገንዘብ የሆነ ጨው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ ጽፏል። አሞሌ የሚባለው የጨው ጡብ ከአፋር ተቆርጦ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣ ነበር፤ ከዚያ የሲራራ ነጋዴ በበቅሎና በአህያ ጭኖ በሰቆጣ በኩል ከጣና ምሥራቅ ወዳለው ወደ ይፋግ ገበያ ያወርደው ነበር፤ ወደ ጎጃምም ይሻገር ነበር። በራቀ ቁጥር ይወደድ ነበር፤ ጥጉ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይወርድ ነበር። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው ጨው ታዲያ ለእንቅርት የሚበቃ አዮዲን አልነበረውም። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ስዊዘርላንዳውያንም ተራራቸው እንደኛው ነው፤ በእንቅርት ተሰቃይተው በ1922 እ.ኤ.አ. አዮዲን ጨው ውስጥ መጨመር ጀመሩ። እኛ ዘንድ አዮዲን የገባበት ጨው ይመጣ የነበረው ከኤርትራ የቀይ ባሕር ወደቦች ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋና ገበያው ወደ አፋር ጨው ተመለሰ። በ1997 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲደረግ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከአምስት ቤት በአንዱ ገደማ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቶ አዮዲን መጨመር ግዴታ ሆነ፤ በ2008ቱ ጥናት ከመቶ ቤት 89ኙ አዮዲን ያለው ጨው ተገኘባቸው። መጠኑን የጠበቀው ግን ከዚያ በጣም ያንስ ነበር፤ ስለዚህ ሥራው አልቋል የሚለኝን አላምንም።

እናንተም ጨው ስትገዙ አዮዲን እንዳለው ማሸጊያውን አንብቡ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ከድናችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሲበስል ወደ መጨረሻው ጨምሩት። አንገታችሁ ላይ ያገኛችኋት እብጠት ከጠነከረች፣ እያደገች ከሄደች ወይም ድምፃችሁ ከጎረነነ፣ ባታምም እንኳ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አሳዩ።