በፎገራ ሜዳ የተሰበረች ብሎን

ስሙኝማ! ስለ ፎገራ ሲወራ ሰው ሁሉ ሩዙንና ከብቱን ያነሳል። እኔ ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንዲት የተሰበረች ብሎን ነው።

ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ወደ ጎንደር ስትጓዙ ሐሙሲትን አልፋችሁ፣ ጉማራን ተሻግራችሁ ወረታ ትደርሳላችሁ። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዲስ ዘመን፣ ሌላው ቻይናዎች በደርግ ዘመን ወደ ሠሩት የደብረ ታቦርና የወልዲያ መንገድ። ከወረታ እስከ ጣና የተዘረጋው ሜዳ ነው እንግዲህ ፎገራ። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ይፈሳሉ፤ ጥቁሩ ዋልካ ውሃውን አቁሮ ይከርማል። ሩዝ የዚህ አገር ሲሳይ የሆነው በዚሁ ውሃ ነው። በጋ ሲመጣ ደግሞ ገበሬው ወንዙ ዳር ፓምፑን ተክሎ ሽንኩርቱን ያጠጣል።

ፓምፑን ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሰው የሚሸከማት ቤንዚን ጠጪ ናት። ገላዋ አልሙኒየም፣ ብሎኗ ብረት። ሁለቱ ብረታ ብረቶች እርጥበት ባለበት ተነካክተው ሲኖሩ አልሙኒየሙ ይበላል፤ ነጭ ዱቄት ይተፋና የብሎኑን ጥርስ ይሞላዋል። የብረቱም ዝገት ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ጠባቧን ክፍተት አብጦ ይዘጋታል። ያኔ ብሎኑና ገላው አንድ አካል ይሆናሉ።

ታዲያ አንድ የርብ ዳር ገበሬ ነበር። ሽንኩርቱ ውሃ በጠማው ሰሞን ፓምፑ አልስብ አለው። ልጁ ጉልበተኛ ነው፤ 13 ቁልፍ አነሳና የፓምፑን ክዳን ሊፈታ ተነሳ። ሦስቱ ብሎኖች እሺ አሉ። አራተኛው እምቢ አለ። ልጁ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ቀጠለና ተንጠለጠለበት። ቀጭ! የብሎኑ ራስ ቁልፉ ውስጥ ቀረ፣ ግንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ።

አባትና ልጅ ፓምፑን በባጃጅ ጭነው ወረታ ገቡ፤ አንድ ጋራዥ ደረሱ።

«አባቴ፣ ማን ነው የሰበረው?» አለ መካኒኩ።

«ዝገቱ ነው» አሉ ገበሬው፤ ልጃቸውን ላለማሳፈር።

«ዝገትማ ይይዛል እንጂ አይሰብርም» አለና ሳቀ። ከመሳቢያው አንድ ትንሽ ሣጥን አወጣ። ውስጡ ከቀጭን እስከ ወፍራም የተደረደሩ ማውጫዎች አሉ። ማውጫ ማለት ጫፉ የሾለ፣ ጥርሱ ወደ ግራ የተጠመዘዘ ጠንካራ ብረት ነው። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፦ ብሎን የሚፈታው ወደ ግራ ነው፤ ማውጫውም ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ወደ ውስጥ እየጠበቀ ይነክሳል። የእሱ መጥበቅ ለብሎኑ መፈታት ይሆናል።

ልጁ ይህን ሲሰማ፣ «በል እንግዲህ፣ ንከሰውና አዙረው!» አለ።

መካኒኩ ግን ሣጥኑን ወደ ጎን አደረገው። በመጀመሪያ ቤንዚኑን ቀድቶ ታንከሩን ፈታና ከደጅ አኖረው። በስባሪው ዙሪያ ቀጭን ዘይት አንጠባጠበ፤ በመዶሻ ጫፍ ቆርቆር አደረገው፤ ከዚያ ቡና አዘዘ። ልጁ ተቁነጠነጠ። ሽንኩርቱ እየጠወለገ ቡና!

ቡናው ካለቀ በኋላ የስባሪውን ፊት በሞረድ አስተካከለ። መሐሉን ፈልጎ በሹል ብረት ነጥብ መታበት። የሥራው ግማሽ ይህች ነጥብ ናት። ነጥቧ ወደ ዳር ካዘነበለች መሰርሰሪያው ለስላሳውን አልሙኒየም ይመርጣል፤ ብሎኑን ትቶ ገላውን ይበላል። ግንዱ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ መጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ ቀጥሎ በ5 ሚሊ ሜትር፣ በዝግታና በዘይት እያቀዘቀዘ በሳው። ማውጫውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ተከለና በመያዣ ወደ ግራ ገፋው። ነከሰ። ብሎኑ ግን አልተነቃነቀም።

«ቧንቧ ላምጣ?» አለ ልጁ።

«ቧንቧህን እዚያው ተወው! ይህ ማውጫ ጠንካራ ነው፣ ግን ተሰባሪ ነው። ውስጥ ከተሰበረ የትኛውም ተራ ፑንታ አይበሳውም። ያኔ የተሰበረው ብሎን ሳይሆን ፓምፑ ነው የሚባለው።»

ማውጫውን መልሶ ነቀለና እሳት ለኮሰ። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ ዙሪያውን ያሞቁታል እንጂ ብሎኑን አያሞቁትም። እሱም ቢሆን ዓይን ይፈልጋል። ብረት ሲግል ቀልቶ ያስጠነቅቃል፤ አልሙኒየም ግን 660 ዲግሪ ላይ ሳይቀላ ድንገት ይቀልጣል። መካኒኩ ነበልባሉን እያንቀሳቀሰ አሞቀው፣ ዘይት ጨመረ፣ ማውጫውን መለሰ። ወደ ግራ ትንሽ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ፣ ደግሞ ወደ ግራ። ጢቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላማ ስባሪው በጣት እየተሽከረከረ ወጣ።

«ባይወጣስ ኖሮ?» አሉ ገበሬው።

«ግንዱ ጫፍ ላይ ዳዶ አስቀምጬ በብየዳ አጣብቀው ነበር። የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ይሰብራል፣ ዳዶውም ለቁልፍ መያዣ ይሆናል። የብረት ብየዳ ደግሞ ከአልሙኒየም ጋር አይያያዝም። እሱም እምቢ ካለ ግንዱን ሙሉ በሙሉ ሰርስሬ አዲስ ጥርስ አወጣለሁ።»

ልጁ አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር። የመንደራቸው የሩዝ መፈልፈያ ላይ ራሱ ተበልቶ ካቻቢቴ የማይዝ ብሎን አለ። ለእሱም ማውጫ ይሻል እንደሆነ ጠየቀ። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። ራሱ ብቅ ያለ ከሆነ በሴጌቶ አዲስ መስመር ቆርጦ በሰፊ ካቻቢቴ መሞከር፣ ወይም ጎኑን ሞርዶ በፒንሳ መያዝ ይቀድማል። መሰርሰር ኋላ ነው፤ አንዴ የበሱትን መመለስ አይቻልምና።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው። የዚህ ነገር ሥሩ ደግሞ ዝገቱ ነው። ጉልበት ዝገትን አያውቀውም፤ ዘይት፣ ሙቀትና ጊዜ ግን ያውቁታል። ልጁ ጉልበቱን የተጠቀመው በተሳሳተ ቦታ አልነበረም፤ ከተራው ቀድሞ እንጂ። መካኒኩም በመጨረሻ ገፍቷል፤ ግን ሌሎቹ ሁሉ ሥራቸውን ከሠሩ በኋላ ነው።

እናንተም ፓምፕ ያላችሁ ሰዎች፣ መስኖው አልቆ ፓምፑን ጎተራ ከማስገባታችሁ በፊት ውሃዋን አራግፉ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታችሁ፣ ጥርሳቸውን ጠርጋችሁ፣ ግሪስ አስነክታችሁ መልሷቸው፤ መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ በቁልፍ፣ ያለ ቧንቧ። ይህን የሚያደርግ ገበሬ ማውጫ የሚባለው ዕቃ ምን እንደሚመስል ሳያይ ቢያረጅ አይደንቅም።