በ31 ሳንቲም የተከፈተ ደብተር

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1903 በቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ከተማ የቅዱስ ሉቃስ ፔኒ ቁጠባ ባንክ ሥራ ሲጀምር፣ ወደ 280 የሚጠጉ ሰዎች ከ8 ሺህ ዶላር በላይ አስቀመጡ። ከመካከላቸው አንዱ ይዞ የቀረበው 31 ሳንቲም ብቻ ነበር፤ ደብተር ተከፈተለት። በዘር መለያየት ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች ስላቋቋሟቸው ባንኮች የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሚዛን ላይ የሚያወጡት ካፒታላቸውን ነው። በዚህ ሚዛን ባንኮቹ ቀላል ናቸው፣ አይካድም። የእኔ ሙግት ሚዛኑ ራሱ ልክ አይደለም የሚል ነው። መጠየቅ ያለበት ባለደብተሩ ለመኖር የስንት ነጭ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር የሚለው ነው።

ባርነት ከቀረ በኋላ በደቡብ ገጠር ለእኩል አራሹ መሬት የሚሰጠው፣ ዘርና ጨው በዱቤ የሚያቀርበው፣ ጥጡን የሚመዝነውና የሂሳብ መዝገቡን የሚይዘው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ዱቤ ልጓም ነው። ቁጠባም ቢሆን ከዓይን አያመልጥም። በቨርጂኒያ ቻርሎት ካውንቲ ትሩ ሪፎርመርስ የተባለ የጥቁሮች መረዳጃ ማኅበር ቅርንጫፍ ገንዘቡን በአደራ ያኖረው አንድ ነጭ ባለሱቅ ዘንድ ነበር። ሰውየው የገንዘቡን ማደግ ሲያይ ጥቁሮቹ እየተደራጁ ነው ብሎ ወሬውን ነዛ፤ ቅርንጫፉም ፈረሰ። በጆርጂያ በባርነት የተወለደው የማኅበሩ መሪ ዊሊያም ዋሽንግተን ብራውን በ1888 የባንክ ፈቃድ አወጣ፤ በተከታዩ ዓመት ባንኩ ሪችመንድ ላይ ተከፈተ። የመጀመሪያው ቀን ተቀማጭ 1,269 ዶላር ከ28 ሳንቲም ነበር። ከገንዘቡ መጠን ይልቅ መዝገቡ ከባለሱቁ እጅ መውጣቱ ይበልጥብኛል።

የቅዱስ ሉቃስን ባንክ የመሠረተችው ማጊ ሊና ዎከር የልብስ አጣቢ ልጅ ናት። በ1899 የተረከበችው የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር ሕመምተኛ የሚረዳና ሟች የሚቀብር ነበር፤ ዕድር ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። ካዝናው ውስጥ ያገኘችው 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የባንክ ፕሬዚዳንት ሆነች። እናቷን መሰል ሴቶች በልብስ አጠባ የሚያገኟት ሳንቲም ነጮቹ ባንኮች ከቁም ነገር የማይቆጥሯት ነበረች፤ ማጊ ግን ሳንቲሟን ሰብስባ ለቤት መግዣ ታበድር ነበር። እስከ 1920 ድረስ በባንኩ ብድር የተገዙት ቤቶች ወደ 600 ይጠጋሉ። የራሱ ቤት ያለው ሰው ነገ ከቤቴ ያስወጣኛል ብሎ የሚፈራው አከራይ የለበትም።

«ታዲያ ለምን ከሰሩ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከ1888 እስከ 1934 ድረስ 134 ገደማ የጥቁሮች ባንኮች ተቋቁመው አብዛኞቹ ተዘግተዋል። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ኤብራም ሃሪስ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ባንኮቹ ስለተመሩበት መንገድ ያነሳው ነቀፌታም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የብራውን ባንክ ራሱ በ1910 ሲወድቅ ለገዛ ማኅበሩ ንግዶች ያለ በቂ መያዣ ያበደረው ብር ነበረበት፤ ይህ የአመራር ጥፋት ነው። ሆኖም ባንክ የሚቆመው አንዱ ሲያወጣ ሌላው በማስገባቱ ነው። ሕጉ አስቀማጩንም ተበዳሪውንም በአንድ ሰፈርና በተመሳሳይ ዝቅተኛ ደመወዝ ስላጎራቸው፣ ሥራ በጠፋ ጊዜ ሁሉም ደብተሩን ይዞ በአንድ ሳምንት ይመጣል፤ በመያዣ የተያዘው ቤትም ገዢው ያው ድሃ ጎረቤት ነው። ከዚህ በፊት ደግሞ በ1865 በኮንግረስ ሕግ የተቋቋመውና በአብዛኛው ነጮች ያስተዳደሩት የፍሪድማንስ ባንክ በ1874 ሲዘጋ ከ61 ሺህ በላይ በሆኑ አስቀማጮች ላይ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ይዞባቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሕዝቡ ደግሞ ባንክ ማመኑ ይገርመኛል።

ሁለተኛው ነቀፌታ የከፋ ነው፦ ባንኮቹ ከመለያየቱ ሥርዓት ጋር ተመቻችተው፣ ከግድግዳው ጀርባ ጥቂት ሀብታሞች አፈሩ ይላል። እንዲያ ያሉ ባለባንኮች አልነበሩም አልልም። ነገር ግን በ1904 የሪችመንድ ጥቁሮች በዘር በተከፋፈለው ትራም አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ሲሄዱ፣ ቅስቀሳውን በጋዜጣው የመራው ጆን ሚቸል የሜካኒክስ ቁጠባ ባንክ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ማጊ ዎከርም ከጎኑ ቆማለች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ የሚሲሲፒው ነገር ነው። በ1955 ያዙ ሲቲ በምትባል ከተማ 53 ጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ይቀላቀሉ ብለው ፈረሙ። የዘር መለያየት እንዳይቀር የሚታገለው የነጮች ምክር ቤት የተባለ ቡድን የፈራሚዎቹን ስም በአካባቢው ጋዜጣ በማስታወቂያ አወጣ። ሰዎቹ ከሥራ ተባረሩ፣ ዱቤ ተከለከሉ፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ስማቸውን አስፋቁ። በዚያው ወቅት ሐኪሙ ቲ. አር. ኤም. ሃዋርድና የጥቁሮች መብት ማኅበሩ ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ.፣ ድርጅቶች ገንዘባቸውን በ1946 ሜምፊስ ላይ በተቋቋመው የጥቁሮች ባንክ፣ በትራይ ስቴት፣ እንዲያስቀምጡ ጥሪ አደረጉ። በዚያ ተቀማጭ ላይ ቆሞ ባንኩ በትግሉ ምክንያት ብድር ለተነፈጉ የሚሲሲፒ ሰዎች ማበደር ጀመረ። ለሁሉም አልደረሰም። የደረሳቸው ሰዎች ግን ዕዳቸውን ለመክፈል የሚሄዱት የምክር ቤቱ ሰዎች ወደማይቀመጡበት መስኮት ነበር።