በአንድ መቀነት የተሳሰሩ ሁለት ሌባ አዳኞች

በጠባይ እሳትና ጭድ የሆኑ ሁለት ሰዎች አንድ ወንጀለኛ ሲያሳድዱ ማየት ተመልካች ይወዳል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ራሽ አወር»ን የደብረ ማርቆስ ወጣት በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣቦ አይቶታል። ጃኪ ቻን ቁጥብ፣ ክሪስ ተከር ለፍላፊ። ብዙ ዘመኔን በወንጀል ምርመራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የእንዲህ ዓይነት ፊልሞች ነገር እንግዳ አይሆንብኝም። ሥራው ራሱ ሁለት ዓይነት ሰው ይፈልጋል። ገጠር ለምርመራ ስንወጣ አንዳችን ቃል ይቀበላል፤ ሌላው ዝም ብሎ የተናጋሪውን እጅና ከአጥሩ ማዶ የቆመውን ሰው ያያል። ነገር ግን በአገራችን ፖሊስ የሚባል ሳይኖር፣ ሲኒማም ሳይታሰብ፣ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የማይመጣጠኑ ሁለት ሌባ አዳኞች ነበሩ፤ ሌባ ሻይና ልጁ።

በሬ ሲሰረቅ ወይም ጎተራ ሲራቆት የድሮ ገበሬ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው አውጫጭኝ ነው። ያገሩ ሰው ዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሁሉም ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል። ፊት ለፊት መናገር የፈራ «ወፍ» በሚባል ሰው በኩል ያደርሳል። ሌባው ካልታወቀ ያገሩ ሰው አዋጥቶ ይከፍላል። አድካሚ ነው፤ ንጹሑንም ከወንጀለኛው ጋር ያስከፍላል። ሆኖም ሰው ይጠየቃል፣ ሰው ይመልሳል። እኔ የሠራሁት ሥራ የተወለደው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌባ ሻይ ግን ሌላ ነው። ሰውዬው ጎልማሳ፣ ከገዥ ሥልጣን የተቀበለ፣ መድኃኒት አዋቂ ነው። ልጁ ለአካለ መጠን ያልደረሰ፣ ሴት የማያውቅ መሆን ነበረበት። ከሳሹ የሚከፍለውን ከከፈለ በኋላ ልጁ መድኃኒት የተበጠበጠበት ወተት ይጠጣል፤ ጋያም ያጨሳል። ራሱን ይስታል። ወገቡ ላይ መቀነት ይታሰርለትና ጫፉን ሌባ ሻዩ ይይዛል። ከዚያ ልጁ ተነሥቶ አንዴ እየሮጠ፣ አንዴ እየዳኸ ሌባውን ይፈልጋል። ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ የጠፋውን ይከፍላል።

አያቴ የጎጃም ገዥ በነበሩት በራስ ኃይሉ ዘመን፣ ልጅ ሳለ፣ አማኑኤል አጠገብ ያየውን ይነግረኝ ነበር። ልጁ በአጥር ሥር እየዳኸ ሲመጣ ሴቶቹ በራቸውን መዝጋት ፈልገው አልዘጉም፤ በር መዝጋት ራሱ ያስጠረጥራላ። ከፍተው ቆመው ማርያምን ይለምኑ ነበር። ልጁ የተወሰኑ ቤቶችን አልፎ አንድ ድሃ ቤት ገባና መደቡ ላይ ተዘረጋ። ሙግት የለ፣ ምስክር የለ፤ ሰውዬው ጥጃውን ሸጦ ከፈለ። ከሁሉ ይልቅ አያቴ ያልረሳው የልጁን ፊት ነው። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል፣ ውሃ ሲሰጡት መዋጥ አቅቶታል። የመድኃኒቱን ስም አዋቂዎቹ ለማንም አይናገሩም ነበር። እኔ ግን አስተናግር ሳይገባበት አይቀርም ከሚሉት ወገን ነኝ። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው ይህ ተክል አፍ ያደርቃል፣ ብሌን ያሰፋል፣ ያቃዣል፤ ሲበዛ ይገድላል።

መርማሪ ሆኜ ሳስበው ዓይኔ የሚያርፈው መቀነቱ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ልጁን ሲያይ መቀነቱን የያዘውን እጅ ማን ያይ ነበር? ማጥበቅም ማላላትም ይቻላል። ሌባ ሻዩ መንደር ሲገባ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን በሰው ዓይን እንደተጠረጠረ ከከሳሹ ሰምቶ ነው። የሚያቃዥ ሕፃን በዚያች መቀነት ተስቦ ወደተፈለገው ደጅ መድረስ ምን ያቅተዋል! በእርግጥ ዘዴው አንዳንዴ ይሠራ ነበር። ሌባ ሻይ ሊመጣ ነው ሲባል የተሰረቀው ዕቃ በሌሊት ባለቤቱ ደጅ ተጥሎ ይገኛል ይሉ ነበር፤ ይህን ያደረገው ፍርሃት ነው።

በሥልጣን ላይ ጥቂት ዓመት ብቻ የቆየው ልጅ ኢያሱ ጥረንቡሌ የተባለውን የከተማ ፖሊስ ሲያቋቁም፣ ሌባ ሻይንና ከሳሽን ከተከሳሽ ጋር የሚያስረውን ቁራኛን ለመግታት መነሣቱን የታሪክ ጸሐፍት መዝግበዋል። የገጠሩ ልማድ ግን ባንድ ትእዛዝ አልጠፋም። ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1934 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ በቁጥር 6 የወጣው የፖሊስ አዋጅ ሌባ መፈለግን የመንግሥት ሥራ አደረገው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ቅጣት የግል መሆኑን፣ ሰው ያለ ፍርድ እንደማይቀጣ ደነገገ። ሁለቱም መንገዶች፣ አውጫጭኙም ሌባ ሻዩም፣ በሕግ ፊት መቆሚያ አጡ።

ፊልም ላይ ሁለቱ ባልደረቦች ሲጣሉ አንዱ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ይወጣል፤ በኋላ ታርቀው ይመለሳሉ። ያ ልጅ በሩን ወርውሮ ዘግቶ መውጣት አይችልም ነበር። ታሪኩ የጠፋውም ጸሐፊ ስላልነበረ አይደለም። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1921 ዓ.ም. ገደማ ጎጃም ሰንብቶ ሄዷል፤ በ1930 እ.ኤ.አ. የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ ፓሪስ ላይ አሳትሟል። የመድኃኒት አዋቂዎቻችን ቀመር ባሕር ተሻግሮ ታተመ፤ ተጓዦችም ስለ ሌባ ሻይ ደጋግመው ጽፈዋል። ወተቱን ከጠጡት ልጆች ግን የአንዱን እንኳ ስም አንብቤ አላውቅም። የማን ልጆች ነበሩ? ካደጉ በኋላ ምን ሆኑ? ጤናቸውስ?

በማቻከል፣ በጎዛምን፣ በደንበጫ፣ በቢቸና ያላችሁ አንባቢዎች፣ በቤታችሁ ከአባቱ ወይም ከአያቱ የሌባ ሻይን ወሬ የሰማ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት። የልጁን ስም፣ ደብሩን፣ የገባበትን ቤትና የተከፈለውን ዋጋ ጻፉ። እነዚህ አረጋውያን ካለፉ በኋላ የምንጠይቀው ሰው የለም።