የካሜራው እግር የት ቆሞ ነበር? እንጨት፣ አሉሚኒየምና ካርቦን ፋይበር በእንጦጦ ተራራ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ የግዥ ጥያቄ ነው። የአካባቢ ታሪክ ተማሪዎቼ በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ የተነሡ የቆዩ ፎቶግራፎችን ሰብስበው፣ እያንዳንዱን ከዚያው ስፍራ ደግመው ለማንሣት ዐቀዱ። ካሜራ ነበራቸው፤ ማቆሚያ ግን አልነበራቸውም። «ትራይፖዱ የእንጨት ይሁን፣ የአሉሚኒየም ወይስ የካርቦን ፋይበር?» ብለው ጠየቁኝ። በመጀመሪያ ጥያቄው የዕቃ ግምጃ ቤት እንጂ የታሪክ ክፍል ጉዳይ አልመሰለኝም ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን አንድ ፎቶግራፍ ማስረጃ ለመሆን የሚበቃው የካሜራው እግር የት እንደቆመ ስናውቅ መሆኑን ተረዳሁ።

ሦስት እግር ያለው ነገር በወጣ ገባ መሬት ላይ ሳይወላገድ እንደሚቆም እናቶቻችን ከጂኦሜትሪ መምህራን በፊት ያውቁታል፤ ጉልቻ ሦስት የሆነውም ስለዚህ ነው። ተረቱ ደግሞ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል። ዛሬ ከዚህ ተረት ጋር በጥቂቱ እከራከራለሁ።

በአገራችን የካሜራ እግር በብዛት የታየው በ1860 ዓ.ም. በመቅደላው ዘመቻ ነው። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የዘመተው የመሐንዲሶች ክፍል በሃምሳ አለቃ ጆን ሃሮልድ የሚመራ የፎቶግራፍ ቡድን ነበረው። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ ማባዛት ቢሆንም፣ ከባሕሩ ዳርቻ ከዙላ ተነሥተው በሰናፌ፣ በአዲግራትና በአንታሎ ወደ ደቡብ ሲዘልቁ መልክዓ ምድሩንና ሰዉንም አንሥተዋል። ስለዚያ ዘመቻ ሲወራ መድፍ የተሸከሙት 44 ዝሆኖች ሁልጊዜ ይነሣሉ፤ የመስታወት ሰሌዳና የእንጨት ማቆሚያ የተሸከሙትን በቅሎዎች የሚያስታውስ ግን የለም። በዚያ ዘመን መስታወቱ በኬሚካል ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሣት፣ ሳይደርቅም በድንኳን ጨለማ ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ብርሃኑ የሚቀዳው በሰከንዶች በመሆኑ ካሜራውን በእጅ ይዞ ማንሣት የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው የሚቆምበትን ስፍራ መርጦ፣ ሦስቱን እግሮች ተክሎ፣ ከዚያ ሳይነቃነቅ ይሠራ ነበር። ይህ ግዴታ ሳያስበው ለእኛ ውለታ ዋለልን፤ የቆመበትን ነጥብ ከ140 ዓመት በኋላም ፈልጎ ማግኘት ይቻላልና።

በእርግጥም ተገኝቷል። የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ፣ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ጋር በሠሩት ሥራ፣ የ1860ዎቹን ሥዕሎች ይዘው በትግራይ ተራሮች ላይ እነዚያኑ ነጥቦች ፈለጉ፤ ሥዕሉንም ደገሙት። ውጤቱ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን የሰማነውን የሚያናጋ ነበር። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ማብቂያ መሬቱ በብዙ ቦታ ቀድሞውኑ የተራቆተ ነበር፤ የዛሬው ሥዕል ከያኔው ይልቅ ዛፍ ይበዛበታል፤ ከዛፉም ብዙው ባሕር ዛፍ ነው። «ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ የሚሆነው የአገራችን መሬት በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው አባባል በየመጽሐፉና በየስብሰባው ይደጋገማል። የአካባቢ ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ማካን አሃዙን ምንጩ ድረስ ተከትሎ መሠረቱ የላላ መሆኑን አሳይቷል። የመቅደላው ዘመቻ ሥዕሎችም ክርክሩን በዓይን የሚታይ አደረጉት። እዚህ ላይ ቸኩለን «እንግዲያውስ የደን ጭፍጨፋ የለም» እንዳንል አደራ እላለሁ፤ የሰሜኑ መሬት የደቡብ ምዕራቡን ደን ታሪክ አይነግረንም።

ወደ እንጦጦ እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ እጅ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ ተራራው ዛሬ የምናየው ጥቅጥቅ ያለ ተራራ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱና ሰፈሩ ማገዶውንና ማገሩን ከዚያው ይቈርጡ ስለነበር ገደሉ ተመልጦ ነበር። የማገዶ እጦቱ አዲስ አበባንም ተከትሏት ስለወረደ ንጉሡ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር፤ ከተማዋን ካለችበት ያቆያት በዚያው ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም ሆነ በ1898 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ የደረሰው የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የሠሩት እንጨት የአውሮፓ ፋብሪካ ማቆሚያ በሆነበት ዘመን ነው። እንጨት ከአገሩ ባለቀበት ተራራ ግርጌ የባሕር ማዶ እንጨት ቆሞ የራቆተውን ምድር ይመዘግብ ነበር ማለት ነው። የኢልግ ፎቶግራፎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ፤ የቦያጅያንን ሥራ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ቀጥለውበታል።

የዚያ ዘመን ማቆሚያ ባብዛኛው ከአውሮፓ ጠንካራ ዛፎች ወይም ከማሆጋኒ ተሠርቶ የነሐስ ማጠፊያና ብሎን የሚገጠምለት ነበር። እንጨት ንዝረትን ውጦ ያስቀራል፤ በፀሐይ ሲሞቅም በቁመቱ እምብዛም አይረዝምም። ክፋቱ ክረምት ነው፦ እርጥበት ሲጠጣ በጎኑ ያብጣል፣ ተንሸራታቹ እግርም ከመገጣጠሚያው ይጣበቃል። «ታዲያ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ለምን አንጠቀምም?» ያለኝ ተማሪ ነበር። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለአጥርና ለመወጣጫ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ዋንዛ ይሻላል፤ አናጢዎቻችን ለበርና ለወንበር የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አሉሚኒየም እንጨቱን ከገበያ ገፋው፤ ቀላል ነው፣ አይበሰብስም፣ በብዛት ይመረታል። ነገር ግን እንደ ደወል ንዝረትን ያቆያል። አንድ ሜትር የአሉሚኒየም ዘንግ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲጨምር ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ለሠርግ ፎቶ ይህ ምንም አይደለም፤ ለቀያሽ ግን ነገር ነው። ካርቦን ፋይበር የመጨረሻው መጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ጊትዞ የተባለው ፈረንሳዊ ኩባንያ የመጀመሪያውን የካርቦን ማቆሚያ ለገበያ አቀረበ። ከአሉሚኒየም በግልጽ ይቀላል፣ ግትርነቱም የታወቀ ነው፤ ዋጋው ግን እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎብጣል፣ ይቃናልም። ካርቦን ሲመታ ይሰነጠቃል፤ በመርካቶም የሚጠግነው የእጅ ባለሙያ አላገኘሁም።

እኛ በጥር ማለዳ ከደብሩ አስተዳደር ፈቃድ አግኝተን ወጣን። የተዋስነው ቀላል የካርቦን ማቆሚያ ነበር። በዚያ ከፍታ ነፋሱ ከሱሉልታ ሜዳ በኩል ሲነሣ ማቆሚያው እንደ ሸንበቆ ተንቀጠቀጠ። ከሥሩ ድንጋይ የሞላ ከረጢት ሰቅለን አረጋጋነው። የተሸከምነው ክብደት ዞሮ ዞሮ ያው ሆነ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ድንጋዩን ተራራው ላይ ማግኘታችን ብቻ ነው። ከዚህ የባሰው ስሕተት የታየው ግን ሥዕሎቹን ስናስተያይ ነው። በአሮጌው ሥዕል የጣሪያው ጠርዝ የሩቁን ተራራ ጫፍ ይነካል፤ በእኛ ሥዕል ግን ከጫፉ ርቆ ይታያል። አራት እርምጃ ያህል ወደ ግራ ቆመን ነበር። ቁመቱንም አልመዘገብነውም፤ ደግመን ስንሄድ የራሳችንን ነጥብ እንኳ ማግኘት አቃተን። የሌሎችን አሻራ የሚፈልግ ተመራማሪ የራሱን አሻራ ሳይተው መመለሱ ለመምህር የሚያሳፍር ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው፣ ተማሪዎቹ አልተነገራቸውም ነበርና።

ስለዚህ ምክሬ እነሆ። ወደ ስሜን ተራሮች ለቀናት በእግር ለሚጓዝ ሰው ካርቦን ዋጋውን ያወጣል። በጨለማው የቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት ያለ ብልጭታ ሥዕል ለሚያነሣ የጎማ ጫማ ያለው መካከለኛ አሉሚኒየም በቂ ነው፤ ሹል ብረት ወለሉን ይቧጭራል። ለእንጦጦው ሥራ ግን የመረጥነው ያገለገለ የቀያሾች የእንጨት ማቆሚያ ነው። ስድስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ታክሲ ሾፌሮች ሁሉ ያጉረመርሙበታል። ሆኖም ነፋስ አይነቀንቀውም፤ እግሮቹ አፈር ውስጥ ተረግጠው ይገባሉ፤ ራሱ ላይ ውሃ ልክ ይቀመጣል፣ ከመሐሉ ቱንቢ ይወርዳል። ቱንቢው የነካው ነጥብ ላይ ትንሽ የድንጋይ ምልክት እናኖራለን፤ ከዚያ እስከ ሌንሱ ያለውን ቁመት በሜትር ለክተን በመዝገብ እንጽፋለን።

አንድ እንቅፋት ብቻ ቀርቶ ነበር። የቀያሽ ማቆሚያ ብሎን አምስት ስምንተኛ ኢንች ነው፤ የካሜራው ቀዳዳ ደግሞ ሩብ ኢንች። ቶርኖ ቤት ወስደን ከነሐስ ማገናኛ አስቀረጽንለት፤ ባለሙያው ለምን እንደምንፈልገው ሲሰማ ሳቀና የሠራበትን ቀን በጠርዙ ላይ ቀርጾ ሰጠን። የመጀመሪያው መዝገብ ቁመቱ 1 ሜትር ከ48 ሳንቲ ሜትር ይላል፤ ምልክቱ ከደብሩ ቅጥር ውጭ፣ ከመንገዱ በስተ ግራ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።