ናይትሬትንም ሆርሞንንም የሚያሻግር ፕሮቲን
የአራቢዶፕሲስ ቡቃያ፣ በመስታወት ሳህን ውስጥ

አራቢዶፕሲስ የጎመንዘርና የሰናፍጭ ዘመድ የሆነች ትንሽ ተክል ናት። የሥሯ ሕዋሳት በስብ ሽፋን ስለተከበቡ ናይትሬት የተባለው የተክል ምግብ በራሱ ሰርጎ አይገባም፤ የሚያሳልፉት በሽፋኑ ውስጥ የተሰኩ ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ኤንአርቲ1.1 ሲሆን ዘረመሉ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ናይትሬትን ከፕሮቶን ጋር አጣምሮ ያስገባል፤ ናይትሬት ሲያንስ ደግሞ ፎስፌት ይጣበቅበትና ጥቂቱንም አጥብቆ ይይዛል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ሁለተኛው ሥራው ነው፤ ኦክሲን የተባለውን የእድገት ሆርሞንም ያጓጉዛል። ናይትሬት በሌለበት ኦክሲንን ከጎን ሥሩ ጫፍ ስለሚያሸሽ ሥሩ ባለበት ይቀራል። ናይትሬት ሲገኝ ማሸሹ ይገታል፣ ኦክሲን ጫፉ ላይ ይጠራቀማል፣ የጎን ሥሩም ይረዝማል። በሳህኑ ቀኝ በኩል የሚታዩት ረጃጅም የጎን ሥሮች ናይትሬት ባለበት አጋር (ጄል መሰል ማብቀያ) ላይ ያደጉት ናቸው።